የቁጠባ ሳጥን ሲከፈት ትርፉ ለሁሉም እኩል ነው ወይስ በዕጣ ብዛት?

የሳጥን ጸሐፊ
ሰላም ለዚህ ቤት። የልብስ ስፌት ሥልጠና የጨረስን 20 ሴቶች የቁጠባና ብድር ቡድን አለን፤ 48 ሳምንቱ ሞልቶ ሳጥኑ ሊከፈት ነው። አንድ ዕጣ (የቁጠባ ድርሻ) 50 ብር ነው፤ በሳምንት ከ1 እስከ 5 ዕጣ ይገዛል። የሁሉም ደብተር ሲደመር 2,840 ዕጣ ሆኗል። ሳጥኑ ውስጥ 156,040 ብር አለ፤ ለችግር ጊዜ የሚዋጣው የማኅበራዊው መዋጮ ለብቻው ስለታሰረ እዚህ አልገባም። አንዲት አባል ከነወለዱ 3,000 ብር ይቀርባታል። ግማሹ ሰው «እንደ እቁቡ ትርፉ ለ20 እኩል ይካፈል» ይላል። ሌሎቹ ሳይከፋፈል የስፌት ማሽን ይገዛበት ባይ ናቸው። ምን ይሻላል?

ሒሳብ በወረቀት
በዕጣ ብዛት ነው የሚካፈለው። እቁብ እኩል የሚሆነው ሁሉም እኩል ስለሚጥል ነው፤ እናንተ ጋ አንዷ ሁለት ስትገዛ ሌላዋ አምስት ስትገዛ ከርማለች። (አዲስ አባል ስታስገቡም ዕጣ ማለት እዚህ የእቁቡ ዕጣ እንዳልሆነ ቀድማችሁ አስረዱ፤ ብዙ ክርክር የሚነሳው ከዚያ ነው።)

ያልተመለሰው ብድርም የቡድኑ ሀብት ስለሆነ መጀመሪያ ይደመራል፤ 156,040 እና 3,000፣ 159,040 ብር። ይህ ለ2,840 ሲካፈል አንድ ዕጣ 56 ብር ይሆናል። ስለዚህ 96 ዕጣ ያላት 4,800 ብር አስገብታ 5,376 ትወስዳለች፤ 212 ዕጣ ያላት 10,600 አስገብታ 11,872።

ትርፉ፣ ማለትም ከ159,040 ላይ በዕጣ የገባው 142,000 ሲቀነስ የሚቀረው 17,040 ብር፣ ለ20 እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዷ 852 ይደርሳታል። ያኔ ባለ 212 ዕጣዋ 420 ብር ታጣለች፣ ባለ 96ቷ 276 ብር ይጨመርላታል። ደግነት ይመስላል፤ ግን በሚቀጥለው ዙር በሳምንት አምስት ዕጣ የሚገዛ አታገኙም፣ የምታበድሩትም ያንሳል።

ባለ ዕዳዋ 96 ዕጣ አላት እንበል። ከ5,376 ላይ 3,000 ተቀንሶ 2,376 ብር በእጇ ይሰጣታል፤ ጥሬ ገንዘቡም ልክ ይገጥማል። ዕዳዋን ሳትደምሩ 156,040ን ብቻ ብታካፍሉ ግን አንድ ዕጣ ወደ 54.94 ይወርዳል፤ የእሷን ዕዳ ሁሉም ከፈለ ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ዕዳዋ ከዕጣዋ ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ የሚደመረው እስከ ዕጣዋ ዋጋ ድረስ ያለው ብቻ ነው፤ ቀሪውን በጽሑፍ ውል አስሩት።

የሳጥን ጸሐፊ
እግዜር ይስጥልኝ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አምስት አምስት የገዙ አሉ። ለእነሱም 56 ነው?

ሦስት ቁልፍ
ሕገ ደንባችሁ ሌላ ካላለ፣ አዎ። የዚህ አሠራር ደካማ ጎኑ ይህ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያደረ ብርና አሥራ አንድ ወር የሠራ ብር እኩል ይወልዳሉ። ዙሩ ካለቀ በኋላ ደንብ መቀየር ግን ክፍፍሉን ከማዛባት የከፋ ነው። ለሚቀጥለው ዙር ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጻፉት፦ የመጨረሻዎቹ 4 ሳምንታት ዕጣ አይሸጥም፣ ያለፈ ሳምንት ዕጣ ወደኋላ ተቆጥሮ አይገዛም፣ የአንድ ዕጣ ዋጋ በዙሩ መሃል አይቀየርም።

የ3,000ው ብርም የመጣው ከብድር ጊዜ አሰጣጥ ይመስለኛል። ዙሩ 48 ሳምንት ከሆነ ከ35ኛው ሳምንት በኋላ የሦስት ወር ብድር አይሰጥም፤ መክፈያው ከሳጥኑ መከፈቻ ያልፋል። የብድር ጣሪያውም ከቆጠበችው ሦስት እጥፍ አይለፍ።

የወለድ አቆጣጠሩንም አጥሩት። 6,000 ብር ለሦስት ወር በወር 5 በመቶ ተበድራ በየወሩ 2,000 የምትመልስ ሴት፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ 300፣ 200፣ 100፣ በድምሩ 600 ብር ትከፍላለች። በመጀመሪያው ብድር ላይ ከታሰበ ግን 900። ሁለቱም «5 በመቶ» ይባላሉ፤ ደንቡ የትኛው እንደሆነ ካልተናገረ ጸሐፊዋና ተበዳሪዋ ሁለት የተለያየ ሒሳብ ይዘው ይመጣሉ።

ሳጥኑን የምታሳድረው ሴት ቁልፍ አትያዝ። ሦስት መቆለፊያ፣ ሦስት የተለያዩ ቁልፍ ያዦች፣ ደብተሮቹም ሳጥኑ ውስጥ ይቆለፉ። ደብተር ቤት ይዞ መሄድ ከተፈቀደ ዕጣ ሲገዛ የሚመታው ማኅተም በአንድ ሌሊት ይበዛል።

መርፌና ክር
ስለ ማሽኑ፦ ሳትካፈሉ አትግዙ። ማሽን በዕጣ አይቆረጥም፤ አንዷ ልውጣ ስትል ምን ትሰጧታላችሁ? መጀመሪያ እያንዳንዷ ብሯን በእጇ ተቀብላ ትፈርም፤ ከዚያ የፈለጉት ስንት እንዳዋጡ በተለየ ውል ጽፈው ይግዙ።

ስትገዙ ሞተሩን ጠይቁ። ክላች ሞተር ባትሰፉበትም እየዞረ መብራት ይበላል፣ ለጀማሪ እግርም ይፈጥናል። ሰርቮ የሚባለው ሞተር የሚዞረው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው፣ ፍጥነቱም ይቀነሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር አንድ የእግር ማሽን አብሮ ቢኖር የዩኒፎርም ትእዛዝ ቀን አያልፍም።

አዲሱ ማሽን «ስፌት ይዘላል» ተብሎ ወደ ሻጩ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ መርፌው ዞሮ ስለገባ ነው። ባለ አንድ መርፌ የፋብሪካ ማሽን ላይ የመርፌው ረጅም ቦይ ወደ ግራ፣ ጎድጎድ ያለው ጎኑ ወደ ቀኝ ይሆናል፤ የቤት ማሽን የለመደች ሴት ወደ ፊትና ወደ ኋላ አድርጋ ታስገባዋለች። ከሥር ክር ሲጎለጎል ደግሞ ሁሉም የቦቢኑን ቤት (የታችኛው ክር የሚቀመጥበትን) ይነካካል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ወደ ላይና ወደ ታች ከሚሄደው መጎተቻ ስላመለጠ ነው። የማሽኑ ዘይት በመያዣው ላይ ካሉት ሁለት ምልክቶች መሃል መሆኑን ሳያዩ አታስነሱ።

የሳጥን ጸሐፊ
አንድ ቀረ። ባል መጥቶ የሚስቴን ድርሻ እኔ ልቀበል ቢልስ?

ሦስት ቁልፍ
ደብተሩ በስሟ ነው፤ የምትቀበለውም የምትፈርመውም እሷ ናት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች ገቢያቸውን ራሳቸው ተቀብለው በስማቸው ባንክ ማስቀመጥ እንደሚችሉ ይላል። በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ ግን የጋራ ሀብት ነው፤ ሒሳቡ በእሷ ስም ስለተከፈተ የግል ሆነ ማለት አይደለም፣ አታሳስቷት።

ሒሳብ በወረቀት
የሚቀጥለው ዙር ክፍፍል ሳንቲም ካወጣ የዕጣውን ዋጋ ወደ ታች አጠጋግታችሁ ትርፍራፊውን ለማኅበራዊው መዋጮ አድርጉት። ወደ ላይ ካጠጋጋችሁ ለመጨረሻዋ ሴት ብር ይጎድላል።