ጀርመን ጥገኝነት ያገኘ ባለቤቴ ጎንደር ያለነውን ቤተሰቡን ለመውሰድ፦ የሦስት ወሩ ገደብና የጋብቻ ማስረጃችን

የአዘዞዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ በጀርመን ያቀረበው የጥገኝነት ጥያቄ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በቅርቡ ደርሶታል። እኔ ከሰባት ዓመት ልጃችን ጋር አዘዞ ነው የምኖረው። የተጋባነው ጥር 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ሲሆን ያን ጊዜ 21 ዓመቴ ነበር፤ በቀበሌ ያስመዘገብነው ግን ዘግይተን፣ እርሱ ከአገር ሊወጣ ሲል ነው። በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከትን ፋይሉ ይዘጋል ስለተባልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ የኤምባሲ ቀጠሮ ላውጣልሽ ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠይቆኛል፤ ባለቤቴም ወረቀቱን ለማስተካከል ራሱ መጥቶ ሊመለስ እያሰበ ነው። የምታውቁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፍራንክፈርት ያለ ጎንደሬ፦
እንኳን ደስ አለዎት፣ እህቴ። ከሁሉ አስቀድመው ባለቤትዎ ያገኘው በጥገኝነት ሕጉ አንቀጽ 3 መሠረት የስደተኛነት ዕውቅና ይሁን ወይም በአንቀጽ 4 የሚሰጠው አነስተኛ ጥበቃ ከደብዳቤው ያረጋግጡ። አንቀጽ 4 የተሰጣቸው ሰዎች ቤተሰብ ማምጣት ከሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ታግዶባቸዋል፤ የሚታለፈው እጅግ ከባድ ችግር ላለበት ጉዳይ ብቻ ነው።

አንቀጽ 3 ከሆነ የሦስት ወሩ ገደብ እንደሚወራው አይደለም። ጊዜው የሚቆጠረው ውሳኔው የመጨረሻ ከሆነበት ቀን አንሥቶ ነው፤ በዚያ ውስጥ ማመልከቻ ከገባ ባለቤትዎ በቂ ገቢና ቤት እንዲያሳይ አይገደድም። ገደቡ ቢያልፍ መብቱ አይጠፋም፤ ነገር ግን ገቢና ቤት ማሳየት ይመጣል፣ ይህም ገና ቋንቋ ለሚማር ሰው ዓመታት የሚፈጅ ሸክም ነው። ጊዜውን ለማስጠበቅ ደግሞ እርስዎ ከጎንደር መነሣት አያስፈልግዎትም። ባለቤትዎ ራሱ በሚኖርበት ከተማ ለውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ የእርስዎንና የልጁን ስም ጠቅሶ በጽሑፍ ቢያመለክት ሕጉ ይቀበለዋል። ማመልከቻው መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ተቀብሎ ቅጂውን ይላክልዎ፤ የኤምባሲው ቀጠሮ ከዚያ በኋላ ቢዘገይም ገደቡ አያልፍብዎትም። ስለዚህ ለዚያ ሰው አንድ ብር እንዳይሰጡ እለምንዎታለሁ።

ወደ ጎንደር መምጣቱን ግን ፈጽሞ አያስበው። ስደተኛ ሸሽቶት ወደ ወጣው አገር ተመልሶ ከተገኘ ጥበቃው ሊነሣበት ይችላል። ውክልና ለመላክ ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ መሄድንም ከጠበቃ ጋር ሳይመክር አያድርገው።

መዝገብ ቤት የሠራሁ፦
እኔን ያሳሰበኝ የቀኑ ጉዳይ ነው። ጥር አምስተኛ ወራችን በመሆኑ ብዙ ሰው 13/05/2010 ብሎ ይጽፈዋል፤ ጀርመን ያለው ሠራተኛ ይህን ሲያይ ሜይ 13 ቀን 2010 ብሎ ያነበዋል። ያን ጊዜ እርስዎ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩና ጋብቻው ያለ ዕድሜ የተፈጸመ ሊመስል ነው። ትክክለኛው በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 2018 ነው። ባለቤትዎ የጥገኝነት ቃለ መጠይቁን ጽሑፍ አውጥቶ ቀኑ እንዴት እንደተመዘገበ ይመልከት።

የዘገየው ምዝገባ በራሱ አያስፈራም፤ በቤተሰብ ሕጋችን በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ የጸና ነውና። በምስክር ወረቀቱ ላይ ጋብቻው የተፈጸመበትና የተመዘገበበት ቀን ተለይተው መጻፋቸውን ግን ያረጋግጡ። ጋብቻው እርሱ ጀርመን ከመግባቱ በፊት የተፈጸመ መሆኑ ከታወቀ እርስዎ የጀርመንኛ ፈተና አይጠየቁም። ኤምባሲው ወረቀቱን እንዲያጣራ ጠበቃ ወደ ቀበሌው ሊልክ ስለሚችል ከቤተ ክርስቲያኑ የተሰጠዎትን ማስረጃ፣ የሠርጉን ፎቶና የምስክሮቹን አድራሻ አብረው ያስቀምጡ።

የአዘዞዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤው አንቀጽ 3 ነው የሚለው። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን፣ እንደፈሩት፣ 13.05.2010 ተብሎ ተጽፏል።

ፍራንክፈርት ያለ ጎንደሬ፦
እንግዲያው ማመልከቻውን ሳያዘገይ በዚህ ሳምንት ያስገባ። ጎን ለጎን በጠበቃ ወይም በስደተኞች አማካሪ በኩል፣ የተጻፈው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንና በእነርሱ አቆጣጠር ትክክለኛው ቀን የትኛው እንደሆነ የሚገልጽ የእርማት ደብዳቤ ጥያቄውን ለመረመረው መሥሪያ ቤት ይላክ፤ ቅጂውንም እርስዎ ወደ ኤምባሲው ሲቀርቡ ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር አያይዘው ያቅርቡት።