የሊንክ ስርጭቱ ስሎፕ 1.1 እየመጣብኝ ነው፣ እባካችሁ ድረሱልኝ!

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ነገ ጠዋት ነው የማቀርበው። ወደ እያንዳንዱ የድር ገጽ ስንት ሊንክ እንደሚገባ ቆጥሬ በሎግ ሎግ ግራፍ (ሁለቱም አክሲሶች በእኩል ርቀት በ10 እጥፍ የሚያድጉበት) አወጣሁት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ግን ስሎፑ (የመስመሩ ቁልቁለት) 1.1 ነው። ያነበብኩት ሁሉ 2.1 ይላል። ዳታው ነው ኮዱ?

መረብ፦ ዜሮ ሊንክ ያላቸውን ገጾች አውጣቸው። ዜሮ ሎግ የለውም።

አባ ቀመር፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መሠረቱን ያዝ። ባራባሲና አልበርት በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሞዴል፣ አዲስ ገጽ ሲመጣ ሊንኩን የሚሰጠው ቀድሞም ብዙ ሊንክ ላለው ነው ይላል። ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው ማለት ነው። ከሞዴሉ የሚወጣው የስሎፕ ቁጥር ግን 3 ነው፣ ከድሩ ከተለካው 2.1 ጋር እንዳይምታታብህ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ ግን እሱን አውቀዋለሁ። ዜሮዎቹም ወጥተዋል። የቸገረኝ ቁጥሩ ነው።

ዳር ቆሜ፦ ፓወር ሎው (በሎግ ሎግ ላይ ቀጥ ያለ መስመር የሚሰጥ ስርጭት) ነው ያለህ ማነው? ሎግ ኖርማል የሚባለው ሌላ ስርጭትም እኮ በሎግ ሎግ ላይ ሰፋ ባለ ክልል ቀጥ ያለ ይመስላል። ክላውሴት፣ ሻሊዚና ኒውማን በ2009 እ.ኤ.አ. በእንደዚህ ዓይነት ግራፍ ላይ መስመር አስምሮ ቁጥር ማውጣት እንደሚያሳስት በደንብ አሳይተዋል። ማክሲመም ላይክሊሁድ ተጠቀም፣ ያገኘኸውን ዳታ ከሁሉም በላይ ሊያስገኝ የሚችለውን ቁጥር የሚመርጠውን ዘዴ ማለቴ ነው።

መረብ፦ ዜሮዎቹን በደንብ አይተሃል? አንዳንዴ ተደብቀው ይቀራሉ።

ቋጠሮ፦ ቆይ ቆይ፣ ዋይ አክሲስህ ላይ ያለው ምንድነው? ልክ 10 ሊንክ ያላቸው ገጾች ብዛት ነው ወይስ 10 እና ከዚያ በላይ ያላቸው? ጅራቱ (ብዙ ሊንክ ያላቸው ገጾች ያሉበት የግራፉ ጫፍ) ሳይበታተን ለስላሳ ሆኖ ከወረደ ሁለተኛው ነው የሚመስለኝ። እንደዛ ከሆነ ምንም የተበላሸ ነገር የለም፣ ድምር ስርጭት ሲሆን ስሎፑ በ1 ያንሳል። 1 ጨምርበት፣ 2.1 ይመጣልሃል። ማረጋገጥ ከፈለግክ ከ10 ወደ 100 ሊንክ ሂድ። «ከዚያ በላይ» ብለህ ስትቆጥር ገጾቹ ወደ 12.6 እጥፍ ገደማ ይቀንሳሉ፣ «ልክ ይህን ያህል» ብለህ ስትቆጥር ግን ወደ 126 እጥፍ።

አባ ቀመር፦ ጥሩ ተያዘ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብሮደርና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ከ200 ሚሊዮን በላይ ገጾች ላይ 2.1 ያገኙት ለሚገባ ሊንክ ነው። ከገጽ ለሚወጣ ሊንክ 2.72 ነበር። ነገ ሁለቱን እንዳታደባልቅ።

ዳር ቆሜ፦ 1 መጨመሩ ቁጥሩን ያስተካክላል እንጂ ፓወር ሎው መሆኑን አያረጋግጥም። ስላይድህ ላይ «ይመስላል» ብለህ ጻፍ።

ቋጠሮ፦ ጠያቂ አለህ? አክሲሱ የቱ ነበር?