የግቢ ዋይፋይ፦ በጊጋ ኮታ ይከፋፈል ወይስ ምሽት ላይ ዋጋ ይጨመር? (ጅማ)

ግቢ18፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ያለ የኪራይ ግቢ ነው፤ 18 ክፍል፣ ተከራዩ በብዛት ተማሪ። የ20 ሜጋ ፋይበር መስመር አለ፣ ወርሃዊ ክፍያው ለ18 እኩል ይካፈላል። አንድ ማይክሮቲክ ሃፕ ኤሲ ራውተር መግቢያው ጋ ተሰቅሏል። ቀን ሰላም ነው፤ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ግን የቴሌግራም ድምፅ እንኳ ይቆራረጣል። ግማሹ ተከራይ በጊጋ ኮታ ይሰጠን ይላል፣ ግማሹ ምሽት ላይ ብዙ የሚፈልግ ይጨምር ይላል። የቱ ይሻላል? ራውተሩ ላይስ እንዴት ይሠራል?

ሞገድ፦
ጊጋ አይደለም ያጠረባችሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የወረደ 5 ጊጋ ማንንም አይጎዳም፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት የወረደ ግማሽ ጊጋ ግን ግቢውን ሁሉ ያንቀራፍፋል። ኮታ ሁለቱን አይለያቸውም።

ደግሞ ዋይፋይ ላይ የምትሻሙት ፍጥነት ሳይሆን የአየር ጊዜ ነው። መሣሪያዎቹ ተራ በተራ ነው የሚልኩት፤ ተራው እኩል ነው፣ አንዱ ተራ የሚፈጀው ጊዜ ግን እኩል አይደለም። 1500 ባይት ፓኬት 12,000 ቢት ነው። በ54 ሜጋ የተገናኘ ስልክ በ0.22 ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ከቆርቆሮ ጀርባ በ6 ሜጋ የተያያዘው 2 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲፈራረቁ፣ ሌላውን ብክነት ብንተወው እንኳ፣ እያንዳንዳቸው 5.4 ሜጋ ያገኛሉ። ፈጣኑ በቀርፋፋው እግር ሄደ ማለት ነው። ይህን ዋጋ አያስተካክለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የተገናኙትን ዝርዝር ክፈትና ሲግናላቸው ከ‑80 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) የከፋውን፣ ማለትም እንደ -85 የደከመውን፣ ቁጠር። ጓሮ ባለው ረድፍ ከበዙ ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚረጭ መሣሪያ) በኬብል አውርድላቸው። በሪፒተር (ሲግናሉን በአየር ተቀብሎ በሚደግም መሣሪያ) አትሞክረው፣ ያንኑ አየር ሁለት ጊዜ ይበላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ አንዱን ቻናል 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ አድርግ፤ ስፋቱ 20 ሜጋኸርዝ ይሁን።

ገመድ፦
ሞገድ ያለው ከተስተካከለ በኋላ የሚጠበው መስመሩ ይሆናል፤ ክፍፍሉ ያኔ ትርጉም ይኖረዋል። ከምንም በፊት የራውተሩ ፋየርዎል ውስጥ ያለውን የፋስትትራክ ሕግ (ፓኬቶችን በአቋራጭ የሚያሳልፈውን) አጥፋው፤ እሱ በርቶ ትራፊኩ ኪውን፣ ማለትም ፍጥነት የሚከፋፈልበትን ሰልፍ፣ ዘሎ ያልፋል። «ኪው አልሠራልኝም» የሚለው ሰው አብዛኛው ችግሩ ይሄ ነው።

ከዚያ ሁሉንም የሚያቅፍ አንድ ወላጅ ኪው ሥራ፣ ጣሪያው 20 ሳይሆን 18 ሜጋ። ሙሉውን ከለቀቅከው ሰልፉ አቅራቢው ጋ ይሆናል፣ እዚያ ደግሞ እጅህ አይደርስም። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የሆትስፖት (ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መግቢያ) ስም ስጥ፣ በአንድ ጊዜ 2 መሣሪያ ብቻ የሚያስገባ። ለአንድ መሣሪያ ዋስትናው 500 ኪሎቢት፣ የምሽት ጣሪያው 3 ሜጋ፣ የቀኑ 12 ይሁን። 36 መሣሪያ በ500 ሲባዛ 18 ሜጋ ነው፤ የዋስትናው ድምር ከወላጁ ከበለጠ ዋስትና መሆኑ ቀረ። በማክ አድራሻ (በመሣሪያው መለያ ቁጥር) ለመለየት አትሞክር፣ አንድሮይድ 10ና ከዚያ ወዲህ ያሉት ስልኮች የፈጠራ ማክ ነው የሚሰጡህ።

ጣሪያውን በሰዓት የሚቀይረው ሼጁለር ነው። ግን ጣሪያው የተጻፈበትን ፕሮፋይል መቀየር ቀድሞ የገባውን አይነካም፤ ከሰዓት በኋላ የገባ ሰው ምሽቱን በ12 ሜጋ ያሳልፋል። ሼጁለሩ የሚያስኬደው ስክሪፕት ገብተው ያሉትን እንዲያስወጣ አድርግ፣ ኩኪ (መግቢያቸውን የሚያስታውሰውን) ካበራህ ራሳቸው ተመልሰው ይገባሉ።

ግቢ18፦
ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ዋጋውስ?

ሚዛን፦
የመስመሩ ክፍያ ቋሚ ስለሆነ ዓላማው ብር መሰብሰብ አይደለም፤ ሰው ሥራውን ከምሽት ወደ ሌላ ሰዓት እንዲያዛውር ነው። እኩል መዋጮው ዋስትናውን ይግዛ። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ለየክፍሉ በወር 30 ነጥብ ስጥና ምሽት ላይ 8 ሜጋ ጣሪያ በሰዓት ሽጥ፣ በአንድ ጊዜ ከ3 ክፍል ለማይበልጥ። በ1 ነጥብ ጀምር። ሳምንቱን ሙሉ ሦስቱም ቦታዎች ካለቁ በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋውን 2 አድርገው፣ ከተረፉ መልሰው።

ዋጋውን በየሰዓቱ አትቀያይር። የሞባይል ኩባንያው ኤምቲኤን በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች የጥሪ ዋጋን እንደ አንቴናው መጨናነቅ ሲቀያይር፣ ደዋዩ የወቅቱን ቅናሽ ስልኩ ላይ ያየው ነበር። ያልታየ ዋጋ ሰውን ከምሽት ወደ ሌሊት አያዛውርም፣ ሒሳብ ሲመጣ ያጣላል እንጂ። እናንተ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ ይበቃል። የሌሊት ጥቅልም ያው ሐሳብ ነው፤ ሁለት ዋጋ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሰዓት።

ጨረታ የሚሉህ ይኖራሉ። ወረቀት ላይ ያምራል፤ 18 ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቡና ላይ ተስማምተው ዋጋውን ይገድሉታል። የፈተና ሳምንት ደግሞ ሽያጩን ጭራሽ ዝጋው፣ ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ ሰዓት ነው፤ ያኔ እኩል ክፍፍል ይሻላል።

ግቢ18፦
የተረፈ ነጥብ በብር ይመለስ?

ሚዛን፦
ከሚቀጥለው ወር መዋጮ ይቀነስለት፤ ያንን ልዩነት ደግሞ ተጨማሪ የገዙት ይሸፍኑ። ካርድ አትማችሁ ለውጭ ሰው ግን እንዳትሸጡ፣ ኢንተርኔት መልሶ መሸጥ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል።

ገመድ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። ራውተሩ የሰዓት ባትሪ የለውም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ይሳሳትና የምሽቱ ዋጋ እኩለ ቀን ላይ ይበራል። ኤንቲፒ (ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን) ክፈት፣ የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርግ። ሼጁለሩ ላይ የምትጽፈው ደግሞ 1 ሰዓት ሳይሆን 19:00፣ መዝጊያው 23:00 ነው።