ለድሬ ሙቀትና አቧራ የካርቦን ፋይበር ኢንቴክ ይሻላል ወይስ የፋብሪካው?

ያ ጀመዓ፣ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከድሬም ከሐረርም እየተደጋገመ ይመጣልኛል። ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያለው ልጅ የካርቦን ፋይበር (ከካርቦን ክር ተሸምኖ የተሠራ) ኢንቴክ ስልኩ ላይ አይቶ ልቡ ተነስቷል። «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ይላል። መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። በየቀኑ ለሚነዳ የእኛ አካባቢ መኪና የፋብሪካው ይሻላል። ያሰባችሁትን ብር ጥሩ ፊልትሮ ላይ አውሉት። ምክንያቱን ዘርዘር የማደርገው ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሻጭ ፊት ስለማይደናገር ነው።

ኢንቴክ ማለት ሞተሩ አየር የሚስብበት መንገድ በሙሉ ነው። አየሩ የሚገባበት አፍ፣ የፊልትሮው ቤት፣ ራሱ ፊልትሮው፣ ከዚያ እስከ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ። የፋብሪካው ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ለዓይን ምንም አይስብም። ግን ኮፈኑን ክፈቱና አፉ ወዴት እንደዞረ ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ፍርግርጉ ወይም ወደ ፓራፋንጎው ነው። የሞተሩ ሙቀት ያልነካውን አየር እንዲስብ ታስቦ ነው እንዲያ የተሠራው። ብዙ ሰው የሚያዘው ርካሽ ኢንቴክ ደግሞ ቱቦና ጫፉ ላይ የተሰካ ሾጣጣ ፊልትሮ ነው። ቤት የለውም። ፊልትሮው ኮፈን ሥር ተጋልጦ ይቀመጥና ራዲያተሩ የተፋውን ትኩስ አየር ይስባል።

ድሬ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግንቦትና ሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ሲገባ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ኮፈን ሥር ያለው አየር 60 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። አየር በሞቀ ቁጥር ይሳሳል። ከ35 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ እዚያው ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር በክብደት 9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ኦክስጅኑ በዚያው ልክ ቀነሰ ማለት ነው። ጉልበት ለመጨመር የተገዛው ዕቃ መንገድ ሲጨናነቅ ጉልበት ይወስዳል።

«ከድሬ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ መኪናዬ ይደክማል፣ ኢንቴክ ያድነዋል?» ያላችሁኝም አላችሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር ድሬ ላይ ከ10 በመቶ በላይ፣ ሐረር ላይ ደግሞ ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል። ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር ጉልበቱን የሚያጣው በዚህ ነው። ቱቦ መቀየር የከፍታን ነገር አይመልስም። ያን ጉድለት ማካካስ የሚችለው ተርቦ ነው። ዳገቱ ላይ ከወትሮው የባሰ ከደከመባችሁ ግን መጀመሪያ የተደፈነ ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ፈልጉ።

ወደ ካርቦኑ ልምጣ። ሻጮች «ካርቦን ሙቀት አያሳልፍም» ይላሉ። ከአሉሚኒየም ቱቦ ጋር ሲወዳደር እውነት ነው፤ በጣም ይሻላል። የፋብሪካው ቱቦ ግን አሉሚኒየም አይደለም። ፕላስቲክ ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ ሙቀት በመከላከል ከካርቦን አያንስም። እንዲያውም ይበልጣል። በዚያ ላይ በምትነዱበት ሰዓት አየሩ ቱቦው ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ እጅግ ላነሰ ጊዜ ነው። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ለውጥ የሚያመጣው አፉ ከየት እንደሚስብ ነው። ቀላል መሆኑም አንድ ቶን ለሚመዝን መኪና አይሰማም።

ይህን ስል ጥሩ የካርቦን ኢንቴክ የለም ማለቴ አይደለም። የእንግሊዙ ኢቨንቹሪ ለቶዮታ ጂአር ያሪስና ለሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር የሚሠራቸውን ተመልከቱ። ለዚያ ሞዴል ብቻ ተለክተው የተቀረጹ ናቸው። እነዚያ መኪናዎች ተርቦ አላቸው፣ ፍጥነት ይፈልጋሉ፣ ኮምፒውተራቸውም አብሮ ይስተካከላል። የሚሰጡት ድምፅም ግሩም ነው። ድምፁን የወደደ ሰው ልክ ነው፤ የፋብሪካው ቤት ድምፅ የሚያፍን ጓዳ አብሮት አለ፣ ሲነሳ ሞተሩ አየር ሲስብ ይሰማል። ግን 1.3 ሊትር ቪትዝ ላይ ከድምፁ ሌላ የምታገኙት ነገር አይኖርም።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ አቧራ ነው። የእኛ አቧራ አሸዋ አለበት። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ነፋስ ሲነሳ ከተማው ላይ ይበተናል፤ ባጃጅና ከባድ መኪና ደግሞ ይጨምሩበታል። አሸዋ ከብረት ጋር ሲፋተግ ብረቱን ይሞርዳል። ፊልትሮን አልፎ የገባ ልም አሸዋ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ፋሻ ይበላል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል፣ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለው ሞተር ውድ ነው። እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ አለበት።

አቦ፣ ይቺን ፍተሻ ዛሬውኑ ሞክሯት። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ የፊልትሮውን ቤት ክፈቱ። ነጭ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልሉና ከፊልትሮው በኋላ ያለውን የቱቦ ውስጠኛ ግድግዳ ጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ሰላም ነው። ዱቄት የመሰለ ቡናማ አቧራ ይዞ ከወጣ ግን ያ አቧራ ሞተራችሁ ውስጥ እየገባ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፊልትሮው ጠርዝ በደንብ አለመግጠሙ ወይም የቤቱ ክሊፕ ተሰብሮ በሽቦ መታሰሩ ነው። የድሬ ሙቀት ፕላስቲክን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። እንዲህ የሆነ የፋብሪካ ቤት ኦሪጅናል ስለሆነ ብቻ አይመሰገንም። ያገለገለ ግን ያልተሰነጠቀ ቤት ፈልጋችሁ ቀይሩት።

ስለ ፊልትሮው ራሱ። የፋብሪካው የወረቀት ፊልትሮ ልም አቧራ በመያዝ በጣም ጎበዝ ነው። ከኢንቴክ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዘይት የተነከረ የጥጥ ፊልትሮ ነው፤ የአሜሪካኑ ኬ ኤንድ ኤን የታወቀበት ዓይነት። ታጥቦ እንደገና ይሠራል፣ ያ ጥሩ ጎኑ ነው። ግን የራሱን ማጠቢያና የራሱን ዘይት ይፈልጋል። እሱ ጠፋ ተብሎ የሞተር ዘይት የተቀባበት እንደሆነ ሌላ ችግር ይመጣል። ዘይት ከበዛበት ደግሞ ብናኙ ሄዶ የአየሩን መጠን የሚለካው ሴንሰር ላይ ይለጠፋል። ሴንሰሩ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ያዛባል፣ ቼክ ኢንጅን ይበራል። የቱቦው ውፍረት ሴንሰሩ ጋ ከፋብሪካው ከተለየም ያው ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያሰላው በፋብሪካው ስፋት ነው። ጋራዥ ወስዳችሁ ኮምፒውተሩ ሲነበብ ፒ0171 የሚል የብልሽት ኮድ ከወጣ፣ ቤንዚኑ ለአየሩ አነሰ ማለት ነው። ኢንቴክ ከቀየራችሁ በኋላ ይህ ከመጣ ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦውንና ሴንሰሩን አስፈትሹ።

ጎሚስታ ወይም ላቫጆ ጋ ፊልትሮ ማስነፋት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። አልመክርም። የጎማ ኮምፕሬሰር ግፊት 8 ባር ይደርሳል፤ ወረቀቱ 2 ባር እንኳ በጭንቅ ነው የሚችለው። በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይከፈትና ፊልትሮው ንጹሕ መስሎ አሸዋ ያሳልፋል። የግድ ካስነፋችሁ ግፊቱ ዝቅ ይበል፣ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ይነፋ፣ አፉም ራቅ ይበል። ከዚያ ጨለማ ቦታ ከኋላው የስልክ መብራት አብሩ። እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚያበራ ነጥብ ካያችሁ ጣሉት። መጽሐፉ ላይ ያለው የመቀየሪያ ኪሎሜትር ለንጹሕ መንገድ ነው፤ አቧራማ መንገድ የሚውል ሰው ቀደም ብሎ ይቀይር።

ፊልትሮ ስትገዙ አሮጌውን ኦሪጅናል ይዛችሁ ሂዱ። ከአዲሱ ጎን አስቀምጡና እጥፋቶቹን ቁጠሩ። ኮፒው ላይ እጥፋቱ ያንሳል፣ ወረቀቱ ይሳሳል፣ የዙሪያው ጎማ ደረቅ ነው። ጎማውን በጣት ስትጫኑት ካልተመለሰ አትውሰዱት። ኦሪጅናሉ ትንሽ ይወደዳል፤ ግን በአንድ የካርቦን ኢንቴክ ዋጋ ለዓመታት የሚበቃ ፊልትሮ ይገዛል።

አይ፣ ልቤ ካርቦን ላይ ነው ላለ ደግሞ ይህን ልምከር። አንደኛ፣ ፊልትሮው የተዘጋ ቤት ውስጥ ያለና አፉ ወደ ውጭ የሚወጣ ይሁን። ክፍቱን ተዉት። ፊልትሮውን ከባምፐር ጀርባ ዝቅ አድርጎ የሚያስቀምጠውንም ተዉት። ውኃ ስለማይታመቅ በኢንቴክ የገባ ውኃ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል፤ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ደቻቱ በክረምት እንዴት እንደሚመጣ ያውቃል። ከተቻለ ደግሞ ዘይት የማይፈልግ ደረቅ ፊልትሮ ያለው ይሁን።

እውነተኛ ካርቦን መሆኑንም አጣሩ። ብዙው ስቲከር የተለጠፈበት አሉሚኒየም ወይም የካርቦን ሥዕል የታተመበት ፕላስቲክ ነው። እውነተኛው በፀሐይ ስታዞሩት ሽመናው ጥልቀት አለው፣ ብርሃኑ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ይዘላል። የውስጥ ግድግዳውንም እዩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተር ካለ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ አስነኩት፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ፕላስቲክ አያስተላልፍም። አሉሚኒየምም ስለሚያስተላልፍ ጠርዙ ላይ ብረት መሆን አለመሆኑን በዓይን ለዩ።

ፒክአፕ ወይም ላንድክሩዘር ናፍታ ይዛችሁ ገጠር የምትወጡ ግን ከካርቦን ይልቅ ስኖርክል (እስከ ጣሪያው የሚወጣ የአየር መሳቢያ ቱቦ) አስቡ። አፉን ከፍ አድርጎ ፊት ከሚሄደው መኪና አቧራ ያሳርፈዋል፤ ጫፉ ላይ አቧራ አሽከርክሮ የሚጥል ቅድመ ማጣሪያ ከታከለበት የፊልትሮው ዕድሜም ይረዝማል። መገጣጠሚያዎቹ በደንብ መታሸጋቸውን ግን በዚያው በነጭ ጨርቅ ፈትሹ።

ድሬ ያጣችሁትን ዕቃ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የምታስመጡ ከሆነ የመኪናውን ስም ብቻ አትንገሯቸው። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተሩን ዓይነትና የአሮጌውን ፊልትሮ ፎቶ ከነቁጥሩ ላኩ፤ ቪትዝ ሁሉ አንድ ፊልትሮ አይገጥመውም። የፋብሪካውን ቤት ካወለቃችሁም ከነክሊፑ አስቀምጡት፣ መኪናውን የሚገዛ ሰው ይጠይቃችኋል።