«ሞንስተር ትራክ» በአማርኛ «ጭራቅ መኪና» ይባላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የቋንቋ ወዳጆች። ለልጆች የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ሞንስተር ትራክ»ን፣ ማለትም በግዙፍ ጎማው ሌሎች መኪናዎች ላይ የሚወጣውን የትርኢት መኪና፣ «ጭራቅ መኪና» ብዬ ጻፍኩትና አልጣመኝም። ታዋቂውን ሞንስተር ትራክ «ቢግፉት»ንስ «እግረ ትልቅ» ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያልጣመሽ በምክንያት ነው። የእኛ ጭራቅ ሰው በላ ነው። በተረቱ ውስጥ ከግዝፈቱ ይልቅ የሚያስፈራው ክፋቱ ነው። እዚህ ላይ «ሞንስተር» የተባለው ግን ከልክ ያለፈ ግዙፍ ለማለት ነው። ስሙን ያወጣው ቦብ ጆርጅ የሚባል የትርኢት አዘጋጅ እንደሆነ ይነገራል፤ ያኔ የሚያወራውም ስለ ቢግፉት ነበር።

የቢግፉት ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ባለቤቱ ቦብ ቻንድለር በአሜሪካ ሚዙሪ፣ ሴንት ሉዊስ አካባቢ የሚኖር የግንባታ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1974 ሥሪት ፎርድ ኤፍ-250 ፒካፕ ነበረችው። ለፎር ዊል (በአራቱም ጎማ ለሚነዳ) መኪና መለዋወጫ እንደ ልብ አልገኝ ሲለው፣ ከሚስቱ ከማሪሊንና ከጓደኛው ከጂም ክሬመር ጋር የራሱን ሱቅ ከፈተ። ፒካፗም የሱቁ ማስታወቂያ ሆነች። ግን ቻንድለር ነዳጅ ሲረግጥ አይራራም። ዕቃ ይሰብራል፣ በጠንካራ ይተካል፣ ጎማውን ያሳድጋል፣ ደግሞ ይሰብራል። የሱቁ ሥራ አስኪያጅ «ይህ ሁሉ ስብራት የመጣው ከዚያ ትልቅ እግርህ ነው» በሚል መንፈስ ወረፈው። ስሙ እዚያው ጸና። አሜሪካውያን ጫካ ውስጥ አለ የሚሉት ባለ ጠጉር ፍጡርም በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ ለጆሮ አዲስ አልነበረም።

«እግረ ትልቅ» ይህን አይሸከምም። በእኛ እግር ሌላ ወሬ ነው የሚያወራው። «እግረ ረጅም» ማዕድ ሲቀርብ ከተፍ የሚል ነው። «እግረ ደረቅ» ገደ ቢስ ነው። ስለዚህ «ቢግፉት» ብለሽ ተይውና፣ ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው።

ሌላ አባል፦ በዚህ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ሌላው ሞንስተር ትራክ፣ ስለ «ግሬቭ ዲገር» ነው። «መቃብር ቆፋሪ» ቢባል ቃሉ ልክ ነው፤ መንፈሱ ግን ይጠፋል። ባለቤቱ ዴኒስ አንደርሰን የአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጭቃ ውስጥ በሚደረግ ውድድር ላይ አሮጌ፣ እ.ኤ.አ. የ1952 ሥሪት ፎርድ ፒካፕ ይዞ ቀረበ። የሌሎቹ መኪናዎች ዘመናዊ ነበሩ። እሱም «በዚህ አሮጌ መቃብራችሁን እቆፍራለሁ» የሚል ዛቻ ወረወረ። በእኛ «ጉድጓድ ቆፈረለት» ሲባል በስውር መዶለት ነው። የአንደርሰን ግን ፊት ለፊት የተደረገ ፉከራ ነው! ለእኔ እነዚህ ስሞች የፈረስ ስም ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ እንደምንል፣ ሾፌሩም በመኪናው ስም ይጠራል። የፈረስ ስም ደግሞ አይተረጎምም።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ፣ በጣም ረዳኝ። አንድ ብቻ ልጨምር። ሞንስተር ትራኩ ሌላ መኪና ላይ ወጥቶ ሲያደቀው «ጨፈለቀ» ነው ወይስ «ዳጠ»?

መልስ፦ ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ ግን «ዳመጠ»ን እመርጣለሁ። የመንገድ መጠቅጠቂያውን ማሽን ሕዝቡ ራሱ «ዳምጠው» ብሎታል። እንዴት ያለ ውብ ስም ነው! ማንም ሳያስተረጉም፣ ከሥራው ብቻ የወጣ። ጽሑፍሽ ውስጥ ለልጆቹ ስለ ሥራው ስትነግሪ «ዳማጭ መኪና» ብትይ ወዲያው ይገባቸዋል።

ደግሞም ዝናው የመጣው ከመዳመጡ ነው። ቻንድለር እ.ኤ.አ. በ1981 ሜዳ ላይ ሁለት አሮጌ መኪናዎችን ሲዳምጥ በቪዲዮ አስቀረጸ። ፊልሙን ሱቁ ውስጥ ሲያሳይ አንድ የትርኢት አዘጋጅ አየውና ሕዝብ ፊት እንዲደግመው ጠየቀው። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ሌላ ነገር ማየት አልፈለገም። ጎማውም አደገ፤ ለማዳበሪያ መበተኛ ማሽን የተሠራው ባለ 66 ኢንች ጎማ መጣ። ይህ ወደ 1.7 ሜትር ነው፤ የአንድ ሰው ቁመት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራው ቢግፉት 5 ደግሞ 3 ሜትር የሚደርስ ጎማ ገጠመ። ጎማዎቹ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ጦር አላስካ ውስጥ የተጠቀመበት፣ ያለ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር ጎማዎች ነበሩ። ቻንድለር ያገኛቸው ሲያትል ውስጥ፣ ከአሮጌ ብረት መሸጫ ነው። ይህቺን ለልጆቹ ጻፊላቸው፤ ይወዷታል።