አስቸኳይ፦ ምጣዱን በሰካሁ ቁጥር የቤቱ መብራት ሁሉ ይጠፋል

የፔሪጎር ምራት፦
እባካችሁ የምታውቁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የመጀመሪያዋን እንጀራ ሳላወጣ የቤቱ መብራት በሙሉ ድርግም አለ። መለስኩት፤ ምጣዱን ስሰካ ደግሞ ጠፋ። ያለሁት ፈረንሳይ ገጠር፣ ፔሪጎር፣ አማቶቼ ቤት ነው፤ አማቶቼና ባለቤቴ ሳርላ ከተማ የቅዳሜ ገበያ ሄደዋል፤ ስልክ አያነሱም። ማታ የባለቤቴ አክስቶችና አጎቶች ይመጣሉ፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል። የአማቴ ፍሪዘር በዳክዬ ሥጋ እንደተሞላ ነው፤ ቢበላሽ ምን እላቸዋለሁ?

ቦርዶ 33፦
ቆጣሪው ሊንኪ የሚባለው ቢጫ አረንጓዴ ሣጥን ነው? ቁልፉን ጠቅ እስኪል ድረስ ተጭነሽ ያዢው፤ ይመለሳል። አይዞሽ።

የቱሉዙ መምህር፦
አስቀድሞ ስለ ቤቱ ማወቅ ይገባል። በዚያ አገር የቆየ የገጠር ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ኤሌክትሪክ የገባለት ከተሠራ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በየክፍሉ በተለያየ ጊዜ የተቀጠለ ሽቦ ታገኛለሽ፤ የመሬት መስመር (የሸሸ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) የሌለው ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬትም አይጠፋም። የብርዱን ወራት ተዘግቶ ሲከርም ደግሞ ግድግዳውም ዕቃውም እርጥበት ይጠጣል።

የፔሪጎር ምራት፦
ወንድሜ አመሰግናለሁ፤ ግን አሁን ምን ላድርግ?

ሰላም ከሊዮን፦
ለአንድ ማታ ብለሽ ለምን ትጨነቂያለሽ? የፈረንሳይ ዘመዶች ዳቦ ይበቃቸዋል።

እናት ዓለም፦
እህቴ፣ አትስሚያቸው። ለአማት ቤተሰብ በገዛ እጅ የተጋገረ ማቅረብ ትልቅ ነገር ነው። ዳክዬው ከቀለጠ ደግሞ በበርበሬ ወጥ አድርጊው፤ አክስቶቹ ሌላ ምግብ አይጠይቁሽም።

ሽቦ ዘርጊ፦
ምጣዱን ንቀዪና መብራቱን የቆረጠው ቆጣሪው ይሁን ብሬከሩ እዪ። ቆጣሪው ራሱ ከሆነ፣ ከኤሌክትሪክ ድርጅቱ ጋር ያላችሁ ውል ከሚፈቅደው በላይ ስባችኋል። ብዙ ቤት ውሉ 6 ኪሎ ቪኤ ነው፤ ይህም ወደ 6000 ዋት ማለት ነው። ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ የውኃ ማሞቂያው ከ2000 በላይ፣ የዳቦ ምድጃው ሌላ 2000። በብሬከር ሣጥኑ ላይ «ሾፍ-ኦ» (የውኃ ማሞቂያ) የሚለውን አጥፊና ብቻውን ጋግሪ። ማራዘሚያ ካለበት ጥቅልሉን እስከ መጨረሻው ዘርጊው፤ ተጠቅልሎ ከሠራ ግሎ ይቀልጣል።

የወረደው ግን በሣጥኑ ውስጥ ሰፋ ያለው፣ 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየሸሸ ነው ማለት ነው። እርጥበት የጠጣ የሸክላ ምጣድ ይህን ያደርጋል። ያ ብሬከር የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ነውና በምንም መንገድ አታልፊው።

ቦርዶ 33፦
የሊንኪውን ቁልፍ ሞከርሽው?

የፔሪጎር ምራት፦
የወረደው 30 የሚለው ነው! ምጣዱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጋጣው ውስጥ ነበር። ከሥሩ የብረቱ ጠርዝ ዝጓል፣ ሸክላውም ላይ ነጭ ነጭ ነገር ወጥቶበታል።

ሽቦ ዘርጊ፦
እንግዲያውስ ዛሬ አትስኪው። ሸክላው በፀሐይ ቢደርቅ እንኳ የማሞቂያ ሽቦው ያለበት ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያ ሳያየው ማንም አይንካው። ምጣዱ ተነቅሎ ብሬከሩ ከተነሣ ፍሪዘሩ ይሠራል። ባይነሣም ክዳኑን አትክፈቺ፤ የሞላ ፍሪዘር ወደ 48 ሰዓት ይቆያል።

እናት ዓለም፦
ወጥ ቤቱ የ13 ኪሎ ጋዝ ካለው ሰፊውን፣ ሊጥ የማይጣበቅበት መጥበሻ ጣጂ። ሊጡን ትንሽ ቀጠን አድርጊው፣ ዓይን ሲያወጣ ክደኚው። እንጀራው ያንሳል እንጂ ያምራል።

ሰላም ከሊዮን፦
ክሬፕ (ስስ የፈረንሳይ ቂጣ) መጋገሪያ የሌለው ቤት የለም፤ ቁምሣጥኑን ፈልጊ። እሱ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ገመዱን እዪው።

የቱሉዙ መምህር፦
አማትሽ ሲመለሱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው የመሬት መስመሩን እንዲያስለኩ ንገሪያቸው። መስመሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን (ሬዚስታንስ) ከ100 ኦም በላይ ከሆነ ቤቱ ሁሉ መታየት አለበት፤ በተለይ መታጠቢያ ቤቱ።

ሽቦ ዘርጊ፦
ልክ ነው። እህቴ፣ ብሬከሩ ምጣዱ ተነቅሎ ተነሣ?