ዓለማየሁ እሸቴን የማውቀው በ«ተማር ልጄ» ብቻ ነበር

ናቲ፦ ሰላም ናችሁ። ትናንት ታክሲ ውስጥ አንድ ዘፈን ሰምቼ ደነዘዝኩ። ቤዙ ይጎትታል፣ ትራምፔቱ ይቆራርጣል፣ ዘፋኙ ደግሞ መሃል ላይ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። ሾፌሩን ማነው ብለው «ዓለማየሁ እሸቴ፣ ጭሮ አዳሪ» አለኝ። እኔ ጋሽ ዓለማየሁን የማውቃቸው የወላጆች ቀን በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤታችን በሚከፍተው «ተማር ልጄ» ነው! እውነት አንድ ሰው ናቸው?

የፒያሳ ልጅ፦ ራሱ ነው ወንድሜ። ልጅ ሆኖ በፊልም አብዶ፣ ሆሊውድ እገባለሁ ብሎ ከቤት ጠፍቶ ምጽዋ ድረስ ሄዷል። መርከቡ ላይ ሳይወጣ እናቱ ሰሙና ተመለሰ። በኋላ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ። ጸጉሩ እንደ አሜሪካዊው ዘፋኝ ኤልቪስ፣ ጩኸቱ እንደ ጄምስ ብራውን። «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» የሚለው ቅጽል ስሙ ከዚያ ነው የመጣው።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ሸክላውን እንዳትረሱት እንጂ። ያኔ ሸክላ ማሳተም የተፈቀደለት ሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት በፈረንጆቹ 1969 «ምን ያመጣሉ» ብሎ በራሱ አሳተመ፣ ያውም ህንድ ልኮ። የድርጅቱ፣ የአምሃ ሬከርድስ፣ የመጀመሪያ ሸክላ የዓለማየሁ «ትማርኪያለሽ» ነው። (የአባታቸው ስም አንድ ሆነ እንጂ ወንድማማች አይደሉም፣ ሁሌ ይጠይቁኛል።) አባቴ ቤት የዚያ ዘመን አንድ የዓለማየሁ ሸክላ አለ፤ መርፌው ሲያርፍበት መጀመሪያ እንደ ጥብስ ይንጫጫል፣ ከዚያ ድምጹ ትናንት የተቀዳ ይመስል ዱብ ይላል።

ሚሚ ከዲሲ፦ እኔ ግን «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» ሲባል ያናድደኛል። ጩኸቱን ተውሷል፣ እሺ። «ጭሮ አዳሪ ነኝ» ብሎ በፈንክ መዝፈንን ከማን ተዋሰ? ያ የራሱ ነው። ደግሞ ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊው የሌሊት ክለቦቹን ሲዘጋ፣ አምሃ በፈረንጆቹ 1975 አሜሪካ ሲሄድ፣ ዓለማየሁ እዚያው አገሩ ቀረ። ፈረንጆቹ ያወቁት ኢትዮፒክስ በሚባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሲዲ ስብስብ ነው፣ 9ኛው ቅጽ ሙሉውን የሱ ነው። በፈረንጆቹ 2008 ከማህሙድ፣ ከሙላቱና ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ለንደን ባርቢካን አዳራሽ ተጫውቷል። እኛ ግን በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2013 በ80 ዓመቱ ሲያርፍ እንኳ ቴሌቪዥኑ ላይ ደጋግመን የሰማነው ያንኑ «ተማር ልጄ»ን ነው። ጥሩ ዘፈን አይደለም አላልኩም!

ናቲ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሸክላ ሰብሳቢ፣ ያንን የአባትህን ሸክላ ከነጥብሱ ቅዳልኝ በናትህ።